«እባክዎ በመስመሩ ላይ ይቆዩ»

የኮምፒዩተር አምራቾች «የቴክኒክ ድጋፍ» እና የአዋሽ ሸለቆ ደንበኛ



ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በጋላፊ የሚገባው መንገድ በዲቼቶ፣ በሰመራና በሎግያ አድርጎ፣ ሚሌንና ገዋኔን አልፎ አዋሽ ሰባት ይደርሳል፡፡ ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ እጅግ ብዙው የሚጓዘው በዚሁ መስመር ነው፡፡ ከባድ መኪናዎቹ ሌሊትም ቀንም በደጃችን ያልፋሉ፡፡ ከሚጭኗቸው ኮንቴይነሮች መካከል ኮምፒዩተር የያዙም አሉ፤ ግን እኛ ዘንድ አይራገፉም፡፡ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይወርዳሉ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ይገባሉ፡፡ የእኛ ሰው ደግሞ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ገዝቶና በገመድ ጠፍሮ በመጣበት መንገድ መልሶ ያመጣዋል፡፡ ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ 225 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ ሰመራ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፡፡ ዕቃው የተበላሸ እንደሆነ ጉዞው እንደገና ወደ ላይ ነው፡፡ እንግዲህ አንድ ኮምፒዩተር የእኛን ደጅ ሦስት አራት ጊዜ ይረግጣል ማለት ነው፡፡

የጉዞው ድካም እንኳ ይቻላል፡፡ የማይቻለው «ተበላሽቷል» ሲሉት «እኔ ነኝ ኃላፊው» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ የምናነሳውም ይህንኑ ነው፡፡

ስምንቱ ኮምፒዩተሮች

የምናስተምርበት አዋሽ የሚገኝ መድረሳ የዲን ትምህርትን ከቀለም ትምህርት ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ነው፡፡ በ2015 ዓ.ም መግቢያ ላይ የወላጆች ኮሚቴ ገንዘብ አሰባስቦ ስምንት ኮምፒዩተሮች ገዛ፡፡ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መናገር ያስፈልጋል፡፡ ፍየል ሸጦ የሰጠ አለ፤ ከሹፍርና አበሉ የቆረጠ አለ፤ ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ብር እያመጣች ስሟን ታስመዘግብ ነበር፡፡ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኮምፒዩተር ይሰጣል የሚለው ወሬ ገና ጭምጭምታ ነበር፡፡ ወሬው እውነት ሆኖ በ2016 ዓ.ም መጨረሻ ከተፈታኞቹ የተወሰኑት በኮምፒዩተር ተፈተኑ፡፡ የፊደል ገበታውን ነክቶ የማያውቅ ልጅ የሕይወቱን ፈተና በማያውቀው ዕቃ ላይ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ስምንቱ ኮምፒዩተሮች ለእኛ ጌጥ አልነበሩም፡፡

እስከ መጋቢት ድረስ ያለ እንከን ሠሩ፡፡ ሚያዝያ ላይ አንዱ በርቶ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ድርግም አለ፡፡ ግንቦት ሳይወጣ አራቱ ቆሙ፤ ሦስቱ በርተው የሚጠፉ፣ አራተኛው ጭራሹን የማይነሳ፡፡

ለሻጩ ደወልን፡፡ ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሰላምታውም ረጅም ነው፡፡ «ኡስታዝ፤ ዋስትናው የእኛ ሳይሆን የፋብሪካው ነው፡፡ ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ስልክ አለ፤ እነሱ ጋ ይደውሉ» አለን፡፡ ወረቀቱን አወጣነው፡፡ የሦስት ዓመት ዋስትና እንዳለው ከሃያ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተጽፏል፤ አማርኛ የለም፣ ዐፋርኛም የለም፡፡ ዐረብኛ ግን አለ፡፡ የመድረሳ ትምህርት ለኮምፒዩተር ዋስትና ይጠቅማል ብሎ ያሰበ መምህር ይኖር ይሆን? የእንግሊዝኛው ፊደል ከጤፍ ያነሰ ስለነበር በዐረብኛው አነበብነው፡፡

መጀመሪያ የተጻፈው ስልክ ነጻ ጥሪ የሚባለው ነው፤ ከኢትዮጵያ ሲደወል አይገባም፡፡ ሁለተኛው በሌላ አገር የሚገኝ የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ቁጥር ነው፤ እሱ ይገባል፣ ሒሳቡ ግን የውጭ አገር ጥሪ ነው፡፡ የመቶ ብር ካርድ ሞላን፡፡ ለእንግሊዝኛ 1ን ይጫኑ፣ ለሽያጭ 1ን ለድጋፍ 2ን ይጫኑ፣ ለላፕቶፕ ይህን ለጠረጴዛው ያን ይጫኑ ተባልን፡፡ ከዚያ ሙዚቃ መጣ፤ በየደቂቃውም «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው፤ እባክዎ በመስመሩ ላይ ይቆዩ» የምትል የሴት ድምፅ፡፡ ካርዱ ያለቀው ሙዚቃውን ስናዳምጥ ነው፡፡ ሁለተኛውም ካርድ እንደዚሁ፡፡ ሰው ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው፡፡

የመለሰልን ወጣት ትሑት ነበር፡፡ የኮምፒዩተሩን መለያ ቁጥር ጠየቀ፡፡ ቁጥሩ ከሳጥኑ ጀርባ በትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ በሞባይል መብራት ያነብልናል፣ እኛ በስልክ እንደግመዋለን፡፡ ዜሮው ፊደል ይሁን ቁጥር፣ ስምንቱ «ቢ» ይሁን ስምንት መለየት ጊዜ ወሰደ፡፡ ቀጥሎ «አጥፍተው አብርተውታል?» አለ፡፡ በራሱ እየጠፋ ያስቸገረን ዕቃ ነው፡፡ «ሶኬቱን ነቅለው ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቁ» አለ፤ ጠበቅን፡፡ በመጨረሻ አራቱን በአንድ ጉዳይ መመዝገብ እንደማይቻል፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ መደወል እንደሚያስፈልግ ነገረን፡፡ አራት ጉዳይ፣ አራት ቁጥር፣ አራት ጊዜ ሠላሳ ሰከንድ፡፡

ሳይመረት የተገዛ ኮምፒዩተር

የግዢ ደረሰኙን ፎቶ አንስተን እንድንልክ ታዘዝን፤ ላክን፡፡ ከአምስት ቀን በኋላ መልስ በኢሜይል መጣ፡፡ ዋስትናው ካበቃ ዓመታት አልፈውታል፣ አዝናለሁ ይላል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሻጩ በእጁ የጻፈው ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን 12/02/2015 ነው፤ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም፡፡ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 2022 መሆኑ ነው፡፡ ኩባንያው ግን 2015ን የራሱ 2015 አድርጎ ቆጠረውና የሦስት ዓመቱን ዋስትና 2018 ላይ ዘጋው፡፡ እኛም የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከእነሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚል አብራርተን ጻፍን፡፡ መልሱ ያው ሆነ፡፡ በመጨረሻ የቻልነውን አደረግን፡፡ በኮምፒዩተሩ ጀርባ ላይ የራሱ የኩባንያው ጽሑፍ ዕቃው በ2021 እንደተመረተ ይናገራል፡፡ «በእናንተ ስሌት ይህ ዕቃ ከመመረቱ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ አዋሽ ውስጥ ተሸጧል፤ እንዴት ነው?» ብለን ጠየቅን፡፡

ለዚህ መልስ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ወሰደ፡፡ ከሻጩ ማኅተም ያለበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አምጡ ተባልን፤ አመጣን፤ ቀኑ ተስተካከለ፡፡ በሒጅራ አቆጣጠርም ጭምር የሚኖር ቤተሰብ ሦስት ካሌንደር ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አይደናገርም፡፡ ዓለምን ሁሉ ደንበኛዬ ነው የሚል ኩባንያ አንዱን መቁጠር አቃተው፡፡

«የክፍሉ ሙቀት ስንት ነው?»

ቀኑ ሲስተካከል ጉዳያችን ከፍ ወዳለ ባለሙያ ተላለፈ፡፡ በእነዚህ ኩባንያዎች ዘንድ ድጋፍ ደረጃ ደረጃ አለው፡፡ የመጀመሪያው ደረጃ ሠራተኛ ከፊቱ የተጻፈለትን ጥያቄ በተራ የሚያነብ ነው፤ ከተጻፈው መውጣት አይፈቀድለትም፤ ብዙ ቦታ የሥራው መለኪያ አንዱን ጥሪ በስንት ደቂቃ ጨረሰ የሚለው ነው፡፡ እንግዲህ ያ ወጣት ሠላሳ ሰከንድ ጠብቁ ያለን ሊቀልድብን አልነበረም፡፡ ሥራው እሱ ነው፡፡ በእሱ ላይ መጮህ ግፍ ነው፤ ጩኸቱ የሚገባው ሰው ስልክ አያነሳም፡፡

ሁለተኛው ባለሙያ ግን ሥራውን ያወቀ ነበር፡፡ የመጀመሪያ ጥያቄውም «ኮምፒዩተሮቹ ያሉበት ክፍል ሙቀት ስንት ነው?» የሚል ሆነ፡፡

አንባቢያን ሆይ፤ አብዛኛው የቤትና የቢሮ ኮምፒዩተር የሚሠራበት የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ተብሎ በመመሪያው ላይ ይጻፋል፡፡ የግንቦትን አዋሽ የሚያውቅ የሚከተለውን መገመት አያቅተውም፡፡ የሰመራ ሰው ደግሞ ይስቃል፤ እዚያ 40 ማለፍ ወሬም አይሆን፡፡ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍላችን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስንለካ 39 ሆነ፡፡

በመምህራን ክፍል ክርክር ተነሳ፡፡ አንድ ወጣት ባልደረባችን «28 በሏቸው፡፡ ማን ቴርሞሜትር ይዞ ከባሕር ማዶ ይመጣል? እነሱ በቀን ቁጥር አንድ ወር አሳበዱን» አለ፡፡ ያለው ሁሉ እውነት ነው፡፡ የቁርኣን መምህራችን ግን ጽዋውን አስቀምጠው «የተጠየቅነው ምስክርነት ነው፡፡ ልጆቹ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ» አሉ፡፡ እውነትም ሁለት ልጆች በሩ ላይ ነበሩ፡፡ 39 ብለን ጻፍን፡፡

መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥኖ መጣ ማለት ይቻላል፡፡ ዕቃው ከተፈቀደው ሙቀት ውጭ ስለሠራ ዋስትናው አይሸፍነውም፤ ቢሆንም ኮምፒዩተሮቹን በራሳችን ወጪ በሌላ አገር ወደሚገኘው የጥገና ማዕከል ብንልክ ሊመረመሩ ይችላሉ ይላል፡፡ አስልተን አየነው፤ የአራቱ መላኪያና መመለሻ አዲስ መግዣ ሊሆን ምንም አልቀረውም፡፡ አልላክንም፡፡ ከሁለት ሳምንት በኋላ አራቱም ጉዳዮች «ደንበኛው መልስ ባለመስጠቱ» ተዘጉ፡፡

በ35 ዲግሪ የሚያበቃ ዕቃ በቆላ መሸጡ በራሱ ነውር ላይሆን ይችላል፡፡ ነውሩ በሽያጭ ጊዜ ሳይነገር፣ በዋስትና ጊዜ መነገሩ ነው፡፡

የሰመራው ላፕቶፕ

የእኛ ዕጣ የከፋ እንዳይመስላችሁ አንድ ሌላ እንጨምር፡፡ ሰመራ የሚኖር ወዳጃችን እኅቱ ከባሕረ ሰላጤ አገር ላፕቶፕ ልካለት ነበር፡፡ ብዙ የሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚገባው በዚህ መንገድ መሆኑ የታወቀ ነው፡፡ በስምንተኛው ወር ባትሪው አበጠና መክደኛውን ገፋው፡፡ ሲደውል ዋስትናው የሚሠራው በተገዛበት አገር ብቻ ነው ተባለ፡፡ ወደዚያው ልላክላችሁ ሲል ደግሞ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን መላክ ክልክል ነው አሉት፡፡ ክልከላው ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ባትሪ በጭነት ክፍል ውስጥ እሳት ያስነሳል፡፡ ግን ሁለቱን መልስ አንድ ላይ ስናነብ ዋስትና የሚባል ነገር እንዳልነበረ እንረዳለን፡፡ እኅቱ ዕቃው ስምንት ወር ሙሉ የደከመችበት ደመወዝ ነበር፡፡

በሠለጠነው ዓለምስ?

አንዳንድ ሰው «እኛ ድሆች ስለሆንን ነው እንጂ እዚያ ቢሆን» ይላል፡፡ እዚያም ቢሆን ያው መሆኑን የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ ሁለቱም የሒሳብ ሰዎችን የሚመለከቱ ናቸው፡፡

በ1994 እ.ኤ.አ ቶማስ ናይስሊ የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ ፕሮፌሰር ኢንቴል የሠራው ፔንቲየም ቺፕ አንዳንድ የማካፈል ሒሳቦችን እንደሚሳሳት አገኙ፡፡ ስህተቱን ኩባንያው ራሱም ደርሶበት ነበር፡፡ ሲጠየቅ ግን ተራ ተጠቃሚ ይህን ስህተት የሚያገኘው በ27,000 ዓመት አንድ ጊዜ ነው ብሎ ቺፑን የሚቀይረው በርግጥ እንደሚያስፈልጋቸው ላስረዱ ብቻ መሆኑን አሳወቀ፡፡ ቁጣው እየበረታ ሲሄድ፣ አይቢኤምም እነዚያን ኮምፒዩተሮች መሸጥ ሲያቆም፣ ኢንቴል በታኅሣሥ 1994 እ.ኤ.አ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ጥያቄ እንደሚቀይር አስታወቀ፡፡ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ፡፡

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፡፡ ዴል ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኦፕቲፕሌክስ የተባሉ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ሸጠ፡፡ ብዙዎቹ ውስጥ ያሉት ካፓሲተር የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙና የሚያለዝቡ ትናንሽ በርሜል መሰል ዕቃዎች እያበጡና እያፈሰሱ ማሽኑን ይገድሉት ነበር፡፡ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኮምፒዩተሮቹ ሲበላሹበት አቤት አለ፡፡ በ2010 እ.ኤ.አ ይፋ የሆኑ የፍርድ ቤት ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ምክንያት ማሽኖቹን በከባድ የሒሳብ ስሌት አድክማችኋቸዋል የሚል ነበር፡፡ ኮምፒዩተር ሒሳብ ስለሠራ ሞተ ማለት ነው! ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የሚገኘው ኦስቲን ከተማ ነው፤ ሚካኤል ዴል የተማረበት፣ ኩባንያውን በ1984 እ.ኤ.አ የጀመረበት ግቢ ነው፡፡ የገዛ ጎረቤቱን፣ የገዛ ትምህርት ቤቱን እንዲህ ካለ ለአዋሽ ምን ሊል ነው? ኩባንያው በ2005 እ.ኤ.አ ለእነዚህ ብልሽቶች 300 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፡፡

የካፓሲተርን ነገር ያነሳነው በምክንያት ነው፡፡ ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲጨምር የዚህ ዕቃ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል ተብሎ በባለሙያዎች ይሰላል፡፡ አዲስ አበባ አሥር ዓመት የሚያገለግለው፣ ቆላ ወርዶ ሦስት ዓመት ቢሞላ ተመስገን ነው፡፡

ጡቷ የታሰረ ግመል

ለአርብቶ አደር ልጅ ይህ ሁሉ አዲስ አይደለም፡፡ በከብት ገበያ ተንኮል አለ፡፡ ሻጩ እንስሳዋን ሁለት ሦስት ቀን ሳያልባት ጡቷን አሥሮ ያቆይና ገበያ ያወጣታል፤ ገዢው የሞላ ጡት አይቶ ይገዛል፤ በማግሥቱ ወተቱ ይጠፋል፡፡ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመልንና በግን እንዲህ አድርጎ መሸጥን ከልክለዋል፡፡ ለገዢውም ካለባት በኋላ ምርጫ ሰጥተውታል፤ ከወደደ ያስቀራታል፣ ካልወደደ ከአንድ ቁና ያህል ተምር ጋር ለሻጩ ይመልሳታል፡፡ ተምሩ ለጠጣው ወተት ነው፡፡ ፉቀሃዎች ይህንንና መሰሉን «ኺያሩል ዐይብ» በሚለው ርዕስ ሥር አብራርተውታል፤ ሲሸጥ የነበረ፣ ገዢው ያላወቀው ነውር ሲገኝ ገዢው የመመለስ መብት አለው፡፡

ልብ በሉ፤ ገዢው እንስሳዋን የሚመልሰው ለሻጩ ነው፡፡ ግመሏን ያሳደገው ሌላ ነው፣ እሱን ፈልግ አይባልም፡፡

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል፡፡ በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል፡፡ አሥራ አምስት ቀን ለቆላ ሰው አጭር ነው፤ በጥቅምት የተገዛ ኮምፒዩተር ሙቀቱን የሚያገኘው ሚያዝያ ነው፡፡ ቢሆንም «ፋብሪካው ጋ ደውሉ» የሚለው መልስ ከሸሪዓም ከሕግም አንጻር ሙሉ መልስ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፡፡

እስከዚያው ድረስ

አራቱን ኮምፒዩተሮች ምን አደረጋችኋቸው ለሚል፤ በአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን አንድ ወጣት ከፈታቸው፡፡ በሁለቱ ላይ የኃይል መስጫው ሳጥን ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች እንደ ተነፋ ሽምብራ አብጠው ነበር፡፡ ከአዲስ አበባ ሁለት ሳጥን አስመጣ፤ ተነሱ፡፡ ሦስተኛውን ከተጣለ ቴሌቪዥን በነቀለው ካፓሲተር አዳነው፡፡ አራተኛው የመለዋወጫ ምንጭ ሆነ፡፡ ወጣቱ የጠየቀን ዋጋ ለስልክ ካርድና ለደብዳቤ ምልልስ ካወጣነው ያነሰ ነው፡፡ ለነገሩ ይህን ጥበብ ታስቦበት የሠሩ አሉ፤ በ2008 እ.ኤ.አ አካባቢ ለተወሰኑ የአገራችን ትምህርት ቤቶች የታደለችው አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፕ መያዣዋ ውስጥ ትርፍ ብሎን ተቀምጦላት ነበር፤ ተጠቃሚው ራሱ ይፈታታል ተብሎ፡፡

አሁን የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጠው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው፡፡ አቧራው በየሳምንቱ ሐሙስ ይነፋል፤ ስታብላይዘር ገብቷል፤ ሳጥኖቹ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቀዋል፡፡ ለቤተሰብ ኮምፒዩተር ልትገዙ ለምታስቡ ወላጆች ደግሞ፣ ከሱቁ ሳትወጡ ሰክታችሁ አንድ ሰዓት ያህል አሠሩት፤ ሻጩ ቢሰለች ይሰልች፡፡ ደረሰኙ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፉ፣ መለያ ቁጥሩንም ጭምር፡፡ መመሪያው ላይ ያለውን የሙቀት ልክ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፡፡ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለም ዋስትናው ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ እዚያው ሱቅ ይጠይቅላችሁ፤ አንድ ጥያቄ ነው፡፡

የወላጆች ኮሚቴው በዚህ ዓመት አራት ተጨማሪ ኮምፒዩተሮች ሊገዛ ነው፡፡ ውሉን ያረቀቁት ራሳቸው ወላጆቹ ናቸው፤ ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ አባት ስለ መለዋወጫ ያለው ዕውቀት እጅግ ጠቅሟል፡፡ ሻጩ ሁለት ትርፍ የኃይል መስጫ ሳጥን አዋሽ እንዲያስቀምጥ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሚበላሽ ዕቃ ራሱ እንጂ ፋብሪካው ተጠሪ እንዳይሆን፣ ዕቃው በ40 ዲግሪ እንደሚሠራ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፡፡ የጠየቅናቸው ሁለት ነጋዴዎች የመጨረሻውን አንቀጽ ሲያነቡ ወረቀቱን መለሱ፡፡ ሦስተኛው «እስከ ሰኞ ላስብበት» ብሎ ወስዶታል፡፡